ለዲኤስቲቪ የሚወጣውን ወርኃዊ ክፍያ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

የዲሽ ክፍያ በብዙ ቤት ከመብራትና ከውኃ ሒሳብ ጋር ተደምሮ በየወሩ ያለ ጥያቄ የሚከፈል ወጪ ሆኗል። ሆኖም የመብራትና የውኃ ሒሳብ በተጠቀሙት ልክ ሲመጣ፣ የዲኮደሩ ክፍያ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ቢከፈትም ወሩን ሙሉ ተዘግቶ ቢከርምም ያው ነው። ወጪውን ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ታዲያ የድርጅቱን ዋጋ ሊለውጥ ባይችልም፣ የትኛውን ጥቅል እንደሚገዛ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፍልና ለጥገና ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚወስነው ራሱ ነው። ይህ መመሪያ እነዚህን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ያስኬዳል።

አስቀድሜ ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። የጥቅሎቹ ዋጋ በየጊዜው ስለሚከለስ ዛሬ ብጽፈው ለከርሞ ያሳስታልና አልጻፍኩትም። የኳስና የፊልም ማስተላለፊያ መብት የሚገዛውም የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለው አገልግሎት በብር ሲተመን መክበዱ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ላይ የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ቁጥጥር ሥር ስለገባ፣ የጥቅሎቹ ስምና ይዘት ወደፊት ሊለዋወጥ ይችላል። የዕለቱን ዋጋ ከድርጅቱ መተግበሪያ ወይም ከሕጋዊ ወኪል ይጠይቁ። ከዚህ በታች የሚያገኟቸው የብር ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው።

አንደኛ፦ በቤትዎ የሚታየውን ለአራት ሳምንት ይመዝግቡ

አንድ ነጭ ወረቀት በአራት ዓምድ ከፍለው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይለጥፉ፤ ዕለቱ፣ የታየው ጣቢያ፣ ያየው ሰውና የታየበት ሰዓት ይጻፍበት። እስክሪብቶውን በክር አስረው ያንጠልጥሉት፤ ካልታሰረ በሁለተኛው ቀን ልጆች ይወስዱትና ምዝገባው እዚያው ይቀራል። ቤተሰቡን በቃል ጠይቆ መወሰን አይበጅም፤ «ምን ምን ታያላችሁ?» ሲባል ሁሉም ሰው «ሁሉንም እናያለን» ይላል፤ በተለይ አንድ ነገር ሊቀነስ መሆኑን ከጠረጠረ።

እኅቴ ከዋሽንግተን ሆና ለእናታችን ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅል ለሁለት ዓመት ያህል ስትከፍል ኖራለች፤ «እማዬ ምንም እንዳይጎድልባት» የሚል ነበር ሐሳቧ። ወረቀቱን ለጥፌ በአራተኛው ሳምንት ሳነሣው፣ እናቴ በራሷ እጅ ጽሕፈት ከሞላቻቸው ሠላሳ ሁለት መስመሮች ሃያ ዘጠኙ የኢቢኤስ፣ የቃናና የኢቢሲ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ሦስቱ ልጆቼ አያታቸውን ሊጠይቁ በመጡ ዕለት የታዩ ካርቱኖች ናቸው። ሃያ ዘጠኙ ያለ ምንም ወርኃዊ ክፍያ በኢትዮሳት ይገኛሉ። ለእኅቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምከፍለው እማዬ ስሙን እንኳ ለማታውቀው ጣቢያ ነው» አለች። ከውጭ አገር ሆነው ለወላጅ የሚከፍሉ ልጆች ሁሉ ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ ቢያስሞሉ መልካም ነው፤ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የሚታይበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

አራቱ ሳምንታት ሲያልቁ መስመሮቹን በሦስት ይመድቧቸው፦ በነጻ የሚገኙ ጣቢያዎች፣ ያለ ክፍያ የማይገኙ የኳስ ጨዋታዎች፣ ያለ ክፍያ የማይገኙ ሌሎች ዝግጅቶች። ሦስተኛው ክፍል በብዙ ቤት ከታሰበው በታች ሆኖ ይገኛል። የኳሱን መስመሮች ለብቻ ቆጥረው ቁጥሩን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ይጻፉት፤ ወደ ኋላ ለስሌት ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛ፦ ነጻውን ዲሽ መሠረት ያድርጉት

ወርኃዊ ክፍያ የማቋረጥ ነጻነት የሚያገኙት ክፍያው በቆመ ዕለት ቴሌቪዥኑ ጥቁር ካልሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅል ከመቀየርዎ በፊት የነጻ ጣቢያዎችን መቀበያ ማዘጋጀት ይቀድማል። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከሚገኘው፣ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ከሚያስተዳድረው ሳተላይት የሚተላለፉ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መድረክ ነው። ቀደም ሲል እነዚህን ጣቢያዎች ለማየት ናይልሳት ወደሚገኝበት ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ መዞር ያስፈልግ ስለነበር፣ ዛሬም ብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ወደ ምዕራብ ያፈጠጠ አሮጌ ዲሽ አለ። ያን ዲሽ አይጣሉት፤ ብረቱ ካልተጣመመ ፊቱን አዙሮ ለኢትዮሳት መጠቀም ይቻላል፤ ወይም በቦታው ትቶ እንደ ኤምቢሲ ሁለት ላሉ የውጭ ፊልም የሚያሳዩ ነጻ ጣቢያዎች ማዋል ይቻላል።

ዲሹን ራስዎ ባይተክሉም አቅጣጫውን ማወቅ ከሠራተኛ ጋር ለመነጋገር ይረዳል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያጋደለ ነው፤ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ገደማ፣ ከአድማስ በላይ ደግሞ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ያን ያህል ከፍ ስለሚል የጎረቤት ፎቅ ወይም የግቢ ዛፍ ብዙ ጊዜ አይከልለውም። ናይልሳት ግን ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ በ261 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ከፍታው 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በምሥራቅ በኩል ያለ በረንዳ ላይ የተተከለ ዲሽ ሊያገኘው አይችልም። ኤልኤንቢው፣ ማለትም ሞገዱን የሚቀበለው የዲሹ ራስ፣ በታችኛው ክንድ ላይ የሚቀመጥ ዲሽ ከሆነ ደግሞ ፊቱ በእርግጥ ከሚያነጣጥርበት ዝቅ ብሎ የሚያይ ይመስላልና፣ በዓይን ገምቶ «ወደ ሰማይ በቂ አልዞረም» ብሎ መነካካት ያበላሸዋል።

ሪሲቨር ሲገዙ ኤችዲ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሱቅ ውስጥ ሳሉም ባለሱቁ በቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ከጎረቤት በርካሽ የሚገኝ አሮጌ ሪሲቨር ኤችዲ የማይቀበል ከሆነ ጣቢያዎቹን በዝርዝር እያሳየ ምስል ሳይኖረው ሊቀር ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ዲሹ የተበላሸ መስሎት ሠራተኛ ይጠራል።

የዲሽ ሠራተኛ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዋጋውን ይስማሙ፤ ኬብሉ በሜትር ስንት እንደሆነ፣ ማያያዣውና መትከያው ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑም ይነገር። ሥራው ሲያልቅ በሪሲቨሩ ማሳያ ላይ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፦ አንዱ የሲግናል ጥንካሬ፣ ሌላው ኳሊቲ የሚባለው ነው። ሠራተኛው የመጀመሪያውን አሳይቶ «ሞልቷል» ቢልዎት አይበቃም፤ ያ መስመር ኬብሉና ኤልኤንቢው መሥራታቸውን እንጂ ዲሹ ትክክለኛውን ሳተላይት መያዙን አያሳይም። የሚያስፈልግዎት ኳሊቲው ነው። ክረምት ሲመጣ ስለሚቀንስ በበጋ የሚቻለውን ያህል ከፍ ብሎ መያዝ አለበት፤ ዲሹን በጥቂት ሚሊሜትር ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም ላይና ታች እያነቃነቀ ከፍተኛውን ነጥብ እንዲፈልግ ያድርጉ። ብሎኖቹን ካጠበቀም በኋላ ኳሊቲውን እንደገና ይመልከቱ፤ ሲጠብቁ ዲሹ የሚንሸራተትበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዲኤስቲቪው ዲሽ ሌላ ሳተላይት ስለሚመለከት በቦታው ይቆይ፤ ለነጻው የተለየ ዲሽ መትከል ከሁሉም ይቀላል። ኢትዮሳትንና ናይልሳትን ሁለቱንም ከፈለጉ ደግሞ ሁለቱ በሰማይ ላይ በጣም የተራራቁ በመሆናቸው አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ መደርደር አያዋጣም፤ ሁለት ዲሽ ተክሎ በትንሽ ስዊች ወደ አንድ ሪሲቨር ማገናኘት ነው።

ሦስተኛ፦ ጥቅሉን በወረቀቱ ልክ ይቁረጡ

ዲኤስቲቪ በኢትዮጵያ ከጎጆ እስከ ፕሪሚየም የተለያዩ ጥቅሎችን ያቀርባል፤ ቤተሰብ፣ ሜዳና ሜዳ ስፖርት የሚባሉም አሉ። ምርጫው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጣቢያውን ቁጥር በማየት ነው። አንድ መቶ ጣቢያ ያለው ጥቅል ከሃምሳው እጥፍ ጥቅም የሚሰጥ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን አብዛኛው ቤት ከስድስት ወይም ከሰባት ጣቢያ እንደማያልፍ ያሳያል።

ወኪል ዘንድ ሲሄዱ ወይም ሲደውሉ ጥያቄዎ «የትኛው ጥቅል ጥሩ ነው?» መሆን የለበትም። ከወረቀቱ ላይ ያለ ክፍያ የማያገኟቸውን ሦስት ወይም አራት ጣቢያዎች ስም ይዘው ይሂዱና «እነዚህ ሁሉ ያሉበት ዝቅተኛው ጥቅል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ኳስን በተመለከተ ጥያቄው የበለጠ ጠባብ መሆን አለበት። የሱፐርስፖርት ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በሁሉም ጥቅል ውስጥ የሉም፤ አንድ ሊግም ሙሉ በሙሉ በአንድ ጣቢያ ላይ ላይታይ ይችላል። «ፕሪሚየር ሊግ አለው» የሚለው መልስ ጨዋታዎቹን በሙሉ ይሁን ጥቂቶቹን ብቻ አይነግርዎትም። ያለፉትን ሁለት ቅዳሜና እሑድ ጨዋታዎች ዝርዝር ይዘው «እነዚህ በዚህ ጥቅል ታይተው ነበር ወይ?» ብለው መጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ ያስገኛል። የአማርኛ ኳስ ዘገባ የሚወዱ ከሆነም የሚሰማበት ጣቢያ በመረጡት ጥቅል ውስጥ መኖሩን አብረው ይጠይቁ።

ጥቅል ዝቅ ሲያደርጉ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ጥቅሉን ያስቀይሩ፣ ለውጡ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ያረጋግጡ፣ ከዚያ ይክፈሉ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ቸኩዬ የዝቅተኛውን ጥቅል ዋጋ ልኬ ዲኮደሩ ይከፈታል ብዬ ስጠብቅ አመሸሁ። ጥቅሉ ገና የቀድሞው ስለነበር የላክሁት ገንዘብ እንደ ጎዶሎ ክፍያ በሒሳቤ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ያ ምሽት ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው እንዲደርስበት አልመኝም።

ሁለተኛ ቴሌቪዥን ላይ ለተጨማሪ ዲኮደር የሚከፍሉ ካሉ ወረቀቱን በድጋሚ ይመልከቱ። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች በአንድ ሰዓት የተለያየ የክፍያ ጣቢያ ያሳዩባቸው ቀናት ከአምስት ካነሱ ተጨማሪው ዲኮደር ይመለስ፤ ለመኝታ ቤቱ የነጻው ሪሲቨር ይበቃዋል።

አራተኛ፦ ዓመቱን ሳይሆን ወቅቱን ይክፈሉ

ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለኳስ ብለው የሚከፍሉ ከሆነ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር እንዳልሆነ ይወቁ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ብንወስድ፣ የ2025/26 ውድድር ዘመን የጀመረው ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን መጨረሻው ግንቦት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ የተመደበ ነው። በመካከሉ 283 ቀናት አሉ። ሰኔና ሐምሌ ሙሉ በሙሉ፣ ነሐሴና ግንቦት በከፊል ሊግ የለባቸውም።

ስሌቱን ከመጀመርዎ በፊት ለደንበኞች አገልግሎት አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ ስከፍል አዲሱ ወር የሚቆጠረው ከከፈልኩበት ዕለት ነው ወይስ ከቀድሞው የክፍያ ቀን? መልሱ ከከፈሉበት ዕለት ነው ከሆነ አንድ ክፍያ 30 ቀን ይሸፍናል። 283 ቀናትን ለመሸፈን አሥር ክፍያ የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ዘጠኝ ክፍያ 270 ቀን ብቻ ነውና 13 ቀን ይጎድላል። ነገር ግን በውድድሩ መካከል ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ተብሎ ሊጎቹ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚቆሙባቸው ጊዜያት አሉ። ክፍያዎ በእንዲህ ያለ እረፍት መግቢያ ላይ እንዲያልቅ አድርገው፣ ሊጉ በሚመለስበት ቅዳሜ ማለዳ ቢከፍሉ ከአንዱ እረፍት ብቻ አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ያተርፋሉ። ሁለቱን እረፍቶች እንዲህ ከተጠቀሙ ዘጠኝ ክፍያ ከበቂ በላይ ነው። መልሱ ከቀድሞው የክፍያ ቀን ነው ከተባሉ ደግሞ በእረፍቶቹ መጫወት አይጠቅምም፤ ክረምቱን መዝለሉ ግን በሁለቱም መንገድ ይሠራል።

አሁን ቁጥሮቹን እናስቀምጥ። አንድ ቤት ለከፍተኛው ጥቅል በወር 3,000 ብር እየከፈለ ዓመቱን ሙሉ ቢቆይ 36,000 ብር ያወጣል እንበል። ይኸው ቤት ኳሱን ብቻ ለማየት 1,200 ብር ወደሆነ ጥቅል ወርዶ በዓመት ዘጠኝ ጊዜ ቢከፍል ወጪው 10,800 ብር ነው። ለነጻው ዲሽ፣ ለሪሲቨሩና ለሠራተኛው አንድ ጊዜ 6,000 ብር ቢያወጣ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት 19,200 ብር፣ ከዚያ በኋላ ባለው እያንዳንዱ ዓመት 25,200 ብር ይተርፈዋል። የራስዎን ቁጥሮች በዚሁ መልክ ያስገቡ።

ከዚያ በወረቀቱ ግርጌ የጻፉትን የኳስ ቁጥር ያውጡ። አንድ ክለብ በአንድ ውድድር ዘመን 38 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል፤ የክለቡ ደጋፊ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያየው ግን ሥራ፣ ለቅሶ፣ ሰርግና የመብራት መጥፋት ከመሀል ወጥተው ወደ 25 ሊወርድ ይችላል። 10,800 ብር ለ25 ሲካፈል አንዱ ጨዋታ 432 ብር ይሆናል። ቤተሰቡ አራት ሆኖ አብሮ የሚያይ ከሆነ ይህ ውድ አይደለም። ብቻዎን የሚያዩ ከሆነ ግን በሰፈርዎ ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያው ስንት እንደሆነ ጠይቀው ያወዳድሩ፤ ምናልባት የቤቱ ዲኮደር ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል። ጫጫታው ከኳሱ ጣዕም ግማሹ ነው የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ።

የዓመቱን አንድ ላይ ከከፈሉ አንድ ወር በነጻ ይሰጣል የሚል ማስተዋወቂያ ሲያዩ በዚሁ ሚዛን ይለኩት። አሥራ አንድ ከፍሎ አሥራ ሁለት ማግኘት ዓመቱን ሙሉ ለሚያይ ቤት ይጠቅማል፤ ዘጠኝ ክፍያ ለሚበቃው ቤት ግን ሁለት ክፍያ ትርፍ ነው። አንድ ጥቅም ሊኖረው የሚችለው በዓመቱ መካከል ዋጋ ቢጨመር ቀድሞ የተከፈለው ጭማሪውን የማይጠየቅ ከሆነ ነው፤ ይህንም ከመክፈልዎ በፊት በግልጽ ይጠይቁ።

የዓለም ዋንጫ በሚውልበት ክረምት የሰኔና የሐምሌ ዕቅድ ይለወጣል። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለተመደበ 39 ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ክፍያ ሙሉው አይሸፈንም። ጨዋታዎቹን በነጻ የሚያስተላልፍ የአገር ውስጥ ጣቢያ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ያጣሩ። ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ የምድብ ቀናት ትቶ ከዚያ በኋላ መክፈል ዋንጫው እስኪነሣ ያደርሳል።

አምስተኛ፦ ክፍያውን ራስዎ ይፈጽሙ

በቴሌብር ወይም በባንክዎ መተግበሪያ መክፈል ደቂቃ አይፈጅም፤ ለሰው ሰጥቶ ማስከፈል ግን የትራንስፖርትና የጉርሻ ወጪ አለው። የስማርት ካርዱን ቁጥር ከዲኮደሩ ሥር ተንበርክኮ ከማንበብ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ከማረጋገጥዎ በፊት በማያው ላይ የሚመጣው ስም የእርስዎ መሆኑን ይመልከቱ፤ አንድ አኀዝ የተሳሳተ ገንዘብ የሌላ ሰው ቤት ያበራል።

ከከፈሉ በኋላ ኢ16 የሚል መልእክት አልጠፋ ካለ ዲኮደሩ የመክፈቻውን ትእዛዝ አልተቀበለም ማለት ነው። ትእዛዙ የሚመጣው በሳተላይት ስለሆነ ዲኮደሩ በከፈሉበት ሰዓት መብራት ላይ መሆን አለበት። ዲኮደሩን አብርተው አንድ የጥቅልዎ ጣቢያ ላይ ይተዉት፤ በድርጅቱ መተግበሪያ የስህተት ማጽጃውን ይጫኑና ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። ለዚህ ብሎ ሠራተኛ ጠርቶ መክፈል አያስፈልግም።

ስድስተኛ፦ ያለ ምክንያት ሠራተኛ አይጥሩ

በዓመት ሦስት ጊዜ ሠራተኛ የሚጠራ ቤት ከጥቅል ያተረፈውን ጣሪያ ላይ ይበትነዋል። ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ኢ48 የሚል የሲግናል መጥፋት መልእክት መጥቶ ምስሉ ቢጠፋ ዝናቡ ሞገዱን ስለሚውጠው እንጂ ዲሹ ስለዞረ አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት የተጠራ ሠራተኛ ዲሹን ነካክቶ ዝናቡ ሲቆም «ተስተካከለ» ይልዎታል። ዝናቡ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላም ካልተመለሰ ግን ኬብሉ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኤልኤንቢው ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ፈትተው ይመልከቱ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት ሁለት ጣት ያህል ቆርጠው አዲስ ማያያዣ ይግጠሙና በጎማ ቴፕ ይጠቅልሉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መጥፋት አለ። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ፀሐይ በቀጥታ ከኢትዮሳቱ ሳተላይት ጀርባ ታልፋለች። ያን ጊዜ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰዓት አካባቢ፣ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ይህም ለጥቂት ቀናት በተቀራራቢ ሰዓት ይደጋገማል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ስለሚሆን ሰው ይደናገጣል። ምንም መደረግ የለበትም።

ዲኮደር የሚያቃጥለው በአብዛኛው መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው የኃይል መለዋወጥ ነው። ስታቢላይዘር ከሌለ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከመጣ አምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ መሰካት ልማድ ይሁን። መብረቅ ባለበት ምሽት ደግሞ የዲሹንም ኬብል ከጀርባው ይንቀሉ።

ሰባተኛ፦ የማያዋጡ አቋራጮች

በየሰፈሩ «ሰርቨር» እየተባለ በኢንተርኔት የክፍያ ጣቢያዎችን የሚከፍት ሪሲቨር ይሸጣል። የብሮድካስት ድርጅቶች መብት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ ነገሩ ሕገ ወጥ ነው። ሕጉን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ሒሳቡ አይሠራም፤ የኢንተርኔት ጥቅል፣ የሰርቨሩ ዓመታዊ እድሳትና በጨዋታ መሀል መቆራረጡ ተደምረው ከላይ ካየነው የዘጠኝ ክፍያ ስሌት ጋር ብዙም አይራራቁም። ሰርቨሩ በተዘጋ ዕለትም የሚከሰስ ሻጭ አያገኙም።

ከአንድ ዲኮደር ኬብል አውጥቶ ለጎረቤት ማካፈልም የቤት ደንበኛ ውል የሚፈቅደው አይደለም፤ በተግባርም ሁሉም ቤት ባለዲኮደሩ የከፈተውን አንድ ጣቢያ ብቻ ያያል። ጎረቤት እንደ ጎረቤት መጥቶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቢያይ የሚከለክል የለም፤ በየተራ ቤት እየተቀያየሩ፣ ቡናውንም እያፈሉ ማየት የብዙ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ልማድ ነው። ካፌ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሰው ግን የቤት ጥቅል ወስዶ ለደንበኛ ማሳየት ስለማይችል የንግድ ቤት ጥቅሉን ለይቶ ይጠይቅ።

ስምንተኛ፦ በነሐሴ ሲመለሱ

ክረምቱን ተቋርጦ የከረመ ዲኮደር በመክፈቻው ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቢከፈልለት ችግር ሊፈጥር ይችላል። ከሁለት ቀን አስቀድመው ይሰኩትና ለሁለት ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ ያወርዳል፣ ዲሹም በክረምቱ ነፋስ አለመዞሩ ይታወቃል። የዓመቱን አዲስ ዋጋና በጥቅልዎ ውስጥ የቀሩትን የስፖርት ጣቢያዎች በዚያው ይጠይቁ፤ ጣቢያዎ ወደ ሌላ ጥቅል ተዛውሮ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ያስቀይራሉ። ክፍያውን በጨዋታው ዕለት ጠዋት፣ ዲኮደሩ በርቶ ሳለ ይፈጽሙና ቀኑን እዚያው አሮጌው ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ሠላሳኛው ቀን የትኛው ላይ እንደሚውል ከዚያው ይቆጥራሉ።